የአምቡላንሱ ቀይ ቆብ

ታዴዎስ አዋሽ ከተማ ባለው ሱቁ ውስጥ፣ ከመሰላል ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ሥራው የአሮጌ አምቡላንሶችን የጣሪያ መብራት ቆብ ማደስ ነበር፤ ፀሐይ ያደበዘዘውን ፕላስቲክ በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያወለውላል።

መጨረሻ አብራው የታየችው ሠራተኛው ካሰች ስለሆነች፣ ከመሰላል ገፍታ ጣለችው ተብላ እጇ በካቴና ታስሯል። ከሰመራ የመጣችው ኢንስፔክተር ሉሊት ሴትዮዋን ይዛ ከመመለሷ በፊት ሱቁን ልየው አለች።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ ቆብ ነበር። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርሶታል።

«ትናንት እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም» አለች ካሰች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል። «ጨርሰነው ነበር።»

«በምን ነው የምታጥቡት?»

«በውሃና በሳሙና። ሌላ አናስነካውም።»

ቆቦቹን በከባድ መኪናው ከየከተማው የሚያመጣው ሾፌር ሰላሀዲን ነው። «ወላሂ፣ ቤንዚን ከያዝኩ ቆብ አያስጭነኝም ነበር። ይሰነጥቀዋል ይላል። ሚስት ቢኖረው እንዲህ አይጠብቃትም።»

የሟቹ ወንድም ባንተይርጋ ከሱቁ ጎን ባለው ጋራዡ ፍሬን ይፈታል። «እኔ ኑሮዬ ከብረት ጋር ነው፣ እህቴ። የሱን ፕላስቲክ አላውቅለትም» እያለ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ እጁን ጠረገ። መፍቻውንም ጠረገ። ሳያስበው የተደገፈውን በርሜልም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ታዴዎስ ከመሰላል አልወደቀም» አለች ሉሊት። «ቆቡ ላይ፣ ብሎን በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ደም ደርቋል። ቆቡ ያለው ከመሰላሉ ርቆ ነው፤ ስለዚህ የተመታው እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ገዳዩ ሬሳውን መሰላሉ ሥር አስተኛ፤ ቆቡ ላይ የተረጨውን ደም ደግሞ በቤንዚን ጠረገ። ስንጥቁ ከዚያ መጣ። ካሰች ይህን ስህተት አትሠራም። ሰላሀዲንም ያውቃል። ያገኘውን ሁሉ በቤንዚን የሚጠርግ አንድ ሰው ቀረ።»

ባንተይርጋ ጨርቁን አጣጠፈ።

«ቆቡ አዳይቱ መንገድ ላይ ከተገለበጠው አምቡላንስ የመጣ ነው» አለ። «ፍሬኑን ሳልነካው ሠርቻለሁ ብዬ አስረከብኩ። ውስጡ የነበረች ወላድ ሞተች። ታዴዎስ ደረሰበት። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሉሊት የካሰችን ካቴና ፈታች። ካሰች እጇን እንኳ አላሸችም።

«ታዴዎስ ከወንድሙ ሌላ ዘመድ የለውም» አለች። «ሬሳውን ማን ይረከባል?»

«አንቺ ተረከቢ።»

ካሰች ነጠላዋን አስተካከለችና ለሬሳው መኪና ልትፈልግ ወጣች።