ሰባተኛው ጥያቄ

ሟቹ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ስለነበር በሩን የከፈተ ሁሉ እንቅልፍ የጣለው ይመስለው ነበር። ማጅራቱ ላይ የረጋው ደም የሚታየው ጠጋ ሲሉ ነው። ከአጠገቡ ከባዱ ጥቁር ስልክ፣ ሣጥኑ ተሰንጥቆ ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ክቡር ሚኒስትሩ ስለ ፖስታ ሣጥኖች ቀለም ለምክር ቤቱ የሚሰጡትን ማብራሪያ ያንቆረቁራል።

«እስቲ እሱን ዝጉልኝ» አለች መርማሪዋ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆይ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ የሰው ጥድፊያ የማይጥማት ሴት ናት። አለቃ ሲያጣድፋት «ቆይ» ትላለች፤ ተጠርጣሪ እየማለ ሲገዘትላትም «ቆይ» ትላለች። ይህች ቃል ስንቱን እንዳናደደች፣ ስንቱንም ከገመድ እንዳወረደች እሷ ራሷ አትቆጥረውም።

ሟቹ የሚኒስትሩ መልስ አርቃቂ ነበር። ፖስታውም፣ ስልኩም፣ ሬዲዮውም በእኚሁ ሚኒስትር ሥር ነው። የምክር ቤት አባላት ጥያቄያቸውን አስቀድመው ያስገባሉ፤ እሱ መልሱን ይጽፋል፤ ሚኒስትሩ ያነቡታል። በጥያቄ ቀን ከአዳራሹ ሥር ባለችው በዚህች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ውይይቱን በሬዲዮ ይከታተላል፤ ያልታሰበ ጥያቄ ከተነሣ በስልክ ወደ ላይ መልስ ያቀብላል። ዛሬ ጠዋት ግን ስልኩ ድምፁ ጠፋ። የስልክ ሚኒስቴር ስልክ መሆኑ ነው እንግዲህ። ሊጠግነው የተጠራው የመስመር ሠራተኛ ነው እጀታውን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከሬሳው አጠገብ የተገኘው።

«ሥራዎን አቅልለንልዎታል» አላት የሚኒስትሩ አማካሪ፣ የክራቫቱን ቋጠሮ እያስተካከለ። «እጅ ከፍንጅ ነው የተያዘው። ባለፈው ሳምንትም ‹አንድ ቀን ታገኛታለህ› ብሎ በሰው ፊት ዝቶበታል። ከዜና በፊት ቢፈርሙልን ስሙን ለሬዲዮ እንሰጥና ሕዝቡም ይረጋጋል።»

«ቆይ» አለችው።

የመስመር ሠራተኛው በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ከቅጥነቱ የተነሣ የሥራ ባልደረቦቹ «ሽቦ» ይሉታል። መርማሪዋን ሲያይ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ እኔ አልገደልኩም።»

«ዝተህበታል?»

«ዝቻለሁ! ምን ላድርግ? በዳሩ ወረዳ ያለው የስልክ መስመር ተጠግኗል ብሎ ጻፈ፤ ሚኒስትሩ አነበቡት፤ ሬዲዮው ነዛው። የተጠገነ ነገር የለም። ምሰሶዎቹን ጎርፍ ወስዷቸዋል። ምሰሶ ስጡኝ ብዬ ስለምን ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት እነሱ ናቸው። አሁን ሕዝቡ ሲጮኽ ‹ሠራተኛው ነው ያልሠራው› ተብዬ ልባረር ነው።»

«ዛሬ ምን ሆነ?»

«ምድር ቤት ወርጄ ሽቦውን አገናኘሁና ልሞክረው ወጣሁ። ስገባ ሬዲዮው ‹ሰባተኛ ጥያቄ፣ ጠያቂው በቦታቸው ስለሌሉ ውድቅ ሆኗል› ይላል። ሰውዬው ተደፍቷል። ሰው ልጥራ ብዬ ስልኩን ባነሳው ጭጭ። ያኔ ዘበኞቹ መጡብኝ።» በታሰሩ እጆቹ ወደ ደጅ አመለከተ። «ባለቤቴ ግቢው በር ላይ ቆማለች፣ እትዬ። ስሜ በሬዲዮ ከተጠራ አለቀልኝ። ነገ ብትለቁኝስ ማን ያምነኛል? ሰው የሚያምነው ሬዲዮውን ነው።»

መርማሪዋ እጆቹን ገልብጣ አየቻቸው። እስከ አንጓው ድረስ ግራሶ ተለቅልቀዋል። ወደ ክፍሉ ተመለሰችና ስልኩ ላይ አጎነበሰች። እጀታው ላይ የሽቦ ጣቶች በግራሶ ታትመዋል። ደም የነካው ሣጥኑ ግን ከደሙ በቀር ምንም የለበትም። በዚህ ሣጥን ሰው የመታ በሁለት እጁ አቅፎ ነው የሚያነሳው። ሽቦ የነካው ለመደወል የሚነካውን ብቻ ነው። ይህ ለእሷ በቂ ነው፤ ለሚቸኩል አማካሪ ግን አይበቃም።

«ከሟቹ ጋር ዛሬ ጠዋት ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው አማካሪውን።

ፊቱ ቀላ። «በሥራ ጉዳይ ነው። ለሰባተኛው ጥያቄ የጻፈውን መልስ ለውጥ ብዬው እምቢ አለኝ።»

«ምን ብሎ ነበር የጻፈው?»

«ይቅርታ፣ ኢንስፔክተር። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልሱ አይነገርም። የምክር ቤቱ ደንብ ነው። ጠያቂው ካልተነሡ ጥያቄውም መልሱም አብረው ይወድቃሉ።»

«አምስተኛው ጥያቄ ላይ ግርግር ነበር አሉ። ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«ከሚኒስትሩ ጀርባ ነዋ! ስለጠፉ የፖስታ ዕቃዎች ተነሥቶ አንዱ ‹ሌባ› አላቸው። አዳራሹ ሙሉ ብድግ አለ። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን እስኪሰብሩ ደበደቡ። አንዲት ደቂቃ ፋታ የለም፣ ጩኸት በጩኸት ነበር። እስካሁን ጆሮዬ ይጮኻል።»

ሰባተኛውን ጥያቄ ያስገቡት የዳሩ ወረዳ ተመራጭ ናቸው። ከተመረጡ ጀምሮ የሚጠይቁት ስለዚያው ስልክ ስለሆነ የምክር ቤቱ አባላት «ጋሽ ስልክ» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። ተነሡ ማለት ሳቅ ተነሣ ማለት ነው። እሳቸው ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ይጠይቃሉ። መርማሪዋ ያገኘቻቸው ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው የኋላ ወንበራቸው ላይ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ነው።

«ዛሬ ለምን አልተነሡም፣ ጋሼ?»

«ደከመኝ፣ ልጄ። እዚሁ ነበርኩ። ካልተነሣህ እንደሌለህ ነው የሚቆጠረው።»

«ግርግሩ ሲነሣስ?»

«ሁሉም ቆሞ ይሰዳደባል። ስንት መከራ ይዘን መጥተን ይሰዳደባሉ። ጭራሽ በዚያ መሐል የሕፃን ማስተኛ ዘፈን ይለቃሉ! እሹሩሩ ይላሉ! ከዚያ ወዲያ የመነሣት አቅም ከየት ይምጣ?» መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጥቁር ለብሰዋል።»

«ልጄን ነው። በወሊድ ነው የሞተችብኝ። እኔ የደረስኩት ከተቀበረች በኋላ ነው። ስልክ የለ፣ ማን ይነግረኛል? አውቶቡስ ነጂ ነው ያረዳኝ።»

«እግዜር ያጽናዎት» ብላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች። ስለዚያ ግርግር አማካሪው ብዙ ነግሯታል፤ ስለ ዘፈን አልነገራትም።

በአዳራሹ ጥግ ባለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ የሬዲዮ ሥርጭቱን የምትቆጣጠረው ወጣት ሽቦዎቿን ትጠቀልላለች።

«የሕፃን ዘፈን አንቺ ነሽ የለቀቅሽው?»

ልጅቷ አመድ መሰለች። «በናትዎ አለቃዬ እንዳይሰማ! ስድብ ሲመጣ አፈ ጉባኤው ‹ከቃለ ጉባኤ ይሰረዝ› ይላሉ፤ እኔ የአዳራሹን ድምፅ ከአየር ላይ አውርጄ የማርሽ ሙዚቃ እለቃለሁ። ሁልጊዜ ማርሽ ነው። ዛሬ ግን የማርሹ የቴፕ ክር ተበጠሰብኝ። እጄ የገባው የሕፃናት ዝግጅት ሆነ። አፍሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እርስዎ ከማን ሰሙ?»

«አዳራሹ ውስጥ አይሰማም ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! በሬዲዮ ብቻ ነው የሚሰማው። አዳራሹ ውስጥማ ያው ጩኸቱ ነው።»

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሬዲዮ የት የት አለ?»

«በጥያቄ ቀን ሬዲዮ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከታች ካለችው ክፍል በቀር የለም።»

መርማሪዋ መስታወቱን ተደግፋ ቆመች። ሥራዋን ስትጀምር እውነቱ ሲገለጥላት ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ደስ አላላትም። በመስታወቱ በኩል ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሡ ይታዩዋታል፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የሽቦ ሚስት ግቢው በር ላይ፣ አንድ እግሯን በአንዱ እያሳረፈች። ከሁለቱ መርጣ ማዳን አልተሰጣትም። ያልገደለውን ማዳን ብቻ ነው የተሰጣት።

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚኒስትሩ በልማድ ከፊት ወንበራቸው ተቀመጡ፤ አማካሪው ከጀርባቸው ቆመ። ሽቦ ከነካቴናው፣ የሬዲዮዋ ልጅ ከነፍርሃቷ፣ ጋሽ ስልክ ከኋላ።

«ዜናው ሊደርስ ነው» አለ አማካሪው።

«ቆይ። ይህ ልጅ እጁ ግራሶ ነበር። ግራሶው ያለው እጀታው ላይ ብቻ ነው፤ ሰው የተመታበት ሣጥን ላይ የለም። ስለዚህ እሱ ስልኩን ያነሳው እንዳለው ሊደውል ነው።» ወደ አማካሪው ዞረች። «እርስዎ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል። በግርግሩ ጊዜ ግን ጩኸቱን ሳይቋረጥ ሰምተዋል። ይህን ያህል የሰማ ሰው አዳራሹ ውስጥ ነበር። ታች ክፍል የነበረ ሰው ያን ጩኸት አይሰማም። የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።»

«ምንድን ነው የሚሰማው?» አሉ ሚኒስትሩ።

«የሕፃን ማስተኛ ዘፈን። ክቡር ሚኒስትር፣ እርስዎ ሰምተዋል?»

«ዘፈን? በምክር ቤት ውስጥ?»

«እዚህ የነበረ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። ዘፈኑ በሬዲዮ ብቻ ነው የተሰማው። ሬዲዮ ያለው ሟቹ ክፍል ብቻ ነው። የለቀቀችው ልጅ ለማንም አልተናገረችም፤ እኛም ከደረስን ወዲህ ከግቢው የወጣም የገባም የለም። ያን ዘፈን ያነሳልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ‹ከወንበሬ አልተነሣሁም› ያለኝ ሰው ነው። ከተመረጠ ጀምሮ ጥያቄውን አንድ ቀን አስታጉሎ የማያውቅ ሰው።»

ስሙን መጥራት ከበዳት። ጋሽ ስልክ ራሳቸው ገላገሏት።

«ልጁን ፍቱት» አሉ። «የእኔ ሥራ ነው። ወደ እሱ እስኪደርስ ዝም ማለቴ ይቅር አይባልም።»

ሽቦ እንደተቀመጠ ማልቀስ ጀመረ።

«‹ተጠግኗል› ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር የልጄ ባል ሰምቶ ነበር። ልጄ ምጥ ጠናባት። ሐኪም ቤቱ በአንድ አቅጣጫ፣ ስልኩ በሌላ አቅጣጫ ነው። ‹ሬዲዮ ብሏል› ብሎ አምቡላንስ ሊጠራ ተሸክሟት ወደ ስልኩ ሄደ። እጀታውን አነሳ፤ ጭጭ። እዚያው ስልክ ቤቱ ደጅ ላይ ሞተችበት።» ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ዛሬ የወረድኩት ልገድለው አይደለም። ‹ምን ብለህ ጻፍክ? ዛሬስ እውነቱን ነው?› አልኩት። ‹ጋሼ፣ ይሂዱና ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ፤ ሲጠይቁ ይሰማሉ› አለኝ። ለመንኩት። ‹ደንቡ አይፈቅድልኝም፣ ሄደው ይስሙ› ብሎ ፊቱን አዞረ። እንደ ሁልጊዜው ሊሸኘኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው ሬዲዮው እሹሩሩ ማለት የጀመረው። የልጅ ልጄም እኮ አብሯት ነው የተቀበረው… ስልኩን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።»

መርማሪዋ ወደ ፊት ወንበር ተራመደች።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ለሰባተኛው ጥያቄ የተጻፈው መልስ ከእርስዎ ጋር ነው?»

«አቃፊዬ ውስጥ ይኖራል። እኔ አስቀድሜ አላነብም…»

«ጥያቄው ወድቋል!» አለ አማካሪው፣ ላብ አጥምቆት። «ጠያቂ የሌለው መልስ አይነበብም!»

«ቆይ» አለችው። «ጠያቂው አሁን በወንበራቸው አሉ። ይጠይቁ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ተደግፈው ተነሡ። በዚያ አዳራሽ ሲነሡ ያልተሳቀው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ለክቡር ሚኒስትሩ የቀረበ ሰባተኛ ጥያቄ። የወረዳችን ስልክ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ሚኒስትሩ ወረቀቱን አውጥተው እንደ ልማዳቸው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው መሐል ላይ ዘገየ።

«አይሠራም። ባለፈው ጉባኤ ተጠግኗል በማለት የሰጠሁት መልስ ሐሰት ነበር። መልሱን አምኖ የተጎዳ ሰው ካለ ምክር ቤቱ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አማካሪው መሬት መሬት አየ። እንዲለወጥ ያዘዘው፣ ሟቹም እምቢ ያለው ይህንን ነበር። የሬዲዮዋ ልጅ ወደ መስታወት ክፍሏ ዞረች። ማይክሮፎኖቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ ከእነሱ በቀር የሰማ የለም።

ጋሽ ስልክ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ይቀመጡና ይስሙ ነበር ያለኝ» አሉ። «እውነቱን ነበር። ተቀምጬ ብሆን ኖሮ…» አልጨረሱትም። እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ መርማሪዋም ካቴናውን ከሽቦ እጅ ስትፈታ የቁልፉ ቀዳዳ ጠፋባት።

«አንድ ነገር እለምናችኋለሁ» አሉ ቆይተው። «ባለቤቴ ከሬዲዮ እንዳትሰማው።»

መርማሪዋ በልማድ ስልክ ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ከዚያ ትዝ አላት።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ሽቦ፣ አንጓውን እያሻሸ። «መንገዱን አውቀዋለሁ። ደጅ ላለችው ነግሬያት ልሂድ።»

«እሱ ሳይደርስ የማንም ስም በዜና አይጠራም» አለች መርማሪዋ።

ሽቦ ሽማግሌው ፊት ቆመ። ዛሬ በእሳቸው ፋንታ ሊታሰር የነበረው እሱ ነው፤ ሆኖም ጎንበስ አለላቸው።

«ምን ልበላቸው፣ ጋሼ?»

ጋሽ ስልክ ዓይናቸውን ጠርገው አሰቡ።

«መጀመሪያ ስልኩ አይሠራም ብለው አመኑ በላት» አሉ። «የእኔን ከዚያ በኋላ ንገራት።»