ሃምሳ ስምንት ቀን የተኛው ሰው

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ አረፍ ብላችሁ ስሙኝ።

መርሳ ላይ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ፣ ሙጃሂድ የሚባል ጎልማሳ ስድሳ ቀን ሊተኛ ተስማማ። ጠፈር ላይ ብዙ ወር የሚከርም ሰው ገላው ምን እንደሚሆን ሊያጠኑበት ነው። አልጋው በራስጌው ዘቅዘቅ ያለ፤ ቁጭ ማለት እንኳ የለም። በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ከአልጋው አራት እርምጃ ርቆ፣ ራሱ በሲሚንቶው ደፍ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ህሊና ከወልድያ ስትደርስ ነርሷ ኢሕሳን ተይዛለች፤ ቁልፍ ያዢዋ እሷ ነበረችና። ህሊና ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ነጭ ኮፍያው አጠገቡ ወድቋል።

«ሲተኛ ኮፍያ ያደርጋል?» ብላ ኢሕሳንን ጠየቀቻት።

«ኧረ የለም እህቴ፣ ትራሱ ሥር ነው የሚያኖራት።»

«ቁልፉስ?»

«የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ልሰግድ ስወጣ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።»

«ጠያቂ እንዳይገባ በሩ የሚቆለፈው ለምንድን ነው?»

«ጉንፋን እንዳያስይዙት ብሎ አጥኚው ሀብታሙ ነው ያዘዘኝ። ሙጃሂድማ ነገ የጥናቱ ኃላፊዎች ሲመጡ 'ሀብታሙ ሕመሜን በሪፖርቱ ላይ አይጽፍም' ሊል ነበር።»

ሀብታሙ ሳይጠየቅ ቀደመ። «የእሷ ዝርክርክነት ነው። ሁለት ወር የተኛ ሰው ብድግ ሲል ደሙ እግሩ ላይ ይቀራል፤ ጡንቻውም መንምኗል። እሱ ደግሞ ሽማግሌ ሲገባ ተኝቶ አያስችለውም።»

ህሊና እስካሁን ሰው መግባቱን ለማንም አላነሣችም። የሀብታሙን የግል ማስታወሻ ደብተር ተቀብላ ካገላበጠች በኋላ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ከለቀስተኛው መሐል የሙጃሂድን አያት ሼህ ሚስባህን ደግፋ አመጣች።

«አባባ፣ ዛሬ መጥተው ነበር?»

«መጣሁ እንጂ። ዓይኔ ደክሟል፤ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ሙጃሂዴ ብድግ ብሎ መጥቶ ጉልበቴን ሳመኝ። ከዚያ ዱብ ያለ ነገር ሰማሁ። ያው ሰው 'አልጋው ነው፤ ደክሞት ተኛ' ብሎ አወጣኝ።»

«ከትራሱ ሥር አውጥቶ ያደረጋት ኮፍያ፣ የሚያከብረው ሰው መግባቱን ነገረችኝ» አለች ህሊና። «ሽማግሌ መሆኑን ግን አቶ ሀብታሙ ብቻ ያውቅ ነበር። ደብተሩ ላይ እንደጻፈው፣ ሙጃሂድ በአርባኛው ቀን ለአንድ አዛውንት ቀና ሲል ራሱን ስቷል። ይህን ከኢሕሳን ደብቆ፣ ጠያቂ የሚከለከለው ለጉንፋን ነው አላት። ዛሬ፣ ሙጃሂድ ነገ ለኃላፊዎቹ አፉን ሳይከፍት፣ ቁልፉን ከሚስማሩ አንሥቶ እርስዎን አስገባ። እጁን አላነሣበትም፤ ለአዛውንት መነሣት የለመደበትን አስተዳደጉን ነው ያነሣበት።»

ሀብታሙ መሬት መሬት አየ። ካቴናው ከኢሕሳን እጅ ወደ እሱ እጅ ተላለፈ።

ሼሁ ግን በትራቸውን እንደጨበጡ ቀሩ። «ለእኔ ብሎ ነው የተነሣው?»

ህሊና እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «አዎ፣ አባባ።»

እናንተም ልጆቼ፣ የተኛ ሰው ዘንድ ስትገቡ፣ ገና ከደፉ ላይ «አትነሣ፣ በአላህ» ማለትን አስታውሱልኝ፤ አደራ።