ፊቱን ወደ ቤት ያዞረው ውሻ

በዞራም አገር ልጅ ሲወለድ ቀጥቃጭ ይጠራል። ቀጥቃጩ ቡጢ የሚያህል የመዳብ ውሻ ይሠራና በበሩ መቃን ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከአገሩ በታች ረግረግ አለ። ከረግረጉ ጉም ይነሣል፤ በጉሙ ውስጥ ደዌ የሚባሉ አውሬዎች ይሄዳሉ። ደዌ ወደ ሰው ሲጠጋ የዚያ ሰው ውሻ ይነቃና ነክሶ ያባርረዋል። ፈጣሪ ለዞራም ሕዝብ የሰጠው ጥበቃ ይህ ነበር። ሰው ሲታመም ደግሞ ቤተሰቡ ለውሻው ፍም ያጎርሰዋል፣ እንዲበረታ።

አንድ ማለዳ ሰንበቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ለጸሎት ስትወጣ፣ የልጇ የማርዳ ውሻ ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ አገኘችው። ደነገጠች። ነፋስ ነው ብላ በእጇ መለሰችውና ለማንም አልተናገረችም። የዚያኑ ዕለት የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ማርዳ ጣቶቿን መጨበጥ አቃታት።

ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ደግሞ መላ አካላቷ። ቁስል የለም፣ ትኩሳት የለም። ጠዋት ጠዋት ከመኝታዋ ለመነሣት አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። ሰንበቱ ጧትና ማታ ፍም እያነደደች ውሻውን አጎረሰችው። ልጅቷ ባሰባት። «ገና አልጠገበም ይሆናል» አለችና ሰንበቱ ፍሙን ጨመረች። እንዲህ ሲሆን ሦስት ዓመት አለፈ።

በዞራም ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ ተራውን ጠብቆ ለጥበቃ ቅጥር ላይ ይቆማል። ያልቆመ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ቁስሉን ያሳያል። ማርዳም ቀረበች።

«ቁስልሽን አሳዪ» አሏት ዳኛ አጥናፉ።

«የለኝም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ትናንት ጉልበቴን ነበር። ዛሬ እጄንና አንገቴን ነው። የነገውን አላውቅም።»

«በሽታዋ እግር አለው» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

ጎረቤቷ አስካለ ተነሣች። «እኔ ሰው ላይ መዋሸት አልወድም። ግን በእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ስትጨፍር በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«ጨፍሬያለሁ» አለች ማርዳ። «ደህና ቀን ነበር፣ ደስ አለኝ፣ ጨፈርኩ። ከዚያ ስምንት ቀን ተኛሁ። ስምንቱን ቀን ማን አየኝ?»

ዳኛው በትራቸውን መሬት መቱና ፈረዱ፦ «በአርባ ቀን ውስጥ ወይ ቁስል ወይ ምስክር ይዘሽ ቅረቢ። ካልሆነ ከቅጥር ውጭ ትወጫለሽ።»

ከቅጥር ውጭ ያለው ጉሙ ነው። ያንን የማያውቅ አልነበረም።

ያን ጊዜ የቅጥር ወታደር የነበረው ታላቅ ወንድሟ ናደው መጥረቢያውን ከፍ አድርጎ ማለ። «እህቴን ኩር ተራራ ድረስ ወስጄ፣ የቀጥቃጮች እናት ከሆኑት ከእመት ዘርፌ ዘንድ ምስክር ካላመጣሁ፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ። እሷን መጠበቅ ያቃተውን ያንን ውሻም ሰብሬ እመለሳለሁ።»

ሦስቱም ውሾቻቸውን አንገታቸው ላይ አስረው በአንዲት በቅሎ ወጡ። ሰንበቱ ውሻውን የምታጎርስበትን የፍም ገል በእጇ ይዛለች።

መንገዱ ለጤነኛ ሰባት ቀን ነው። እነሱ ግን አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። ማርዳ ግማሽ ቀን ትሄድና ትወድቃለች። በበቅሎ ስትቀመጥ ደግሞ ወገቧን ያማታል። በሦስተኛው ቀን ናደው ታከተው።

«ሌሊቱን ሙሉ ተኝተሽ አድረሽ፣ ደከመኝ ትያለሽ?»

«እንቅልፌ አያሳርፈኝም። ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ነው የሚመስለኝ።»

«እሺ ትንሽ ብትበረቺ…»

«ናደው፣ እዚህ የደረስኩት ስላልበረታሁ ይመስልሃል?»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማርዳ ጥርሷን ነክሳ ስትንቀጠቀጥ ናደው አያት። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አንገቷ ላይ ወዳለው ውሻ አስጠጋ። ይሰማል። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ አጥንት እንደሚቆረጥም ያለ ድምፅ። ናደው ያን ቀን ከእህቱ ጎን ሆኖ በቅሎዋን እየሳበ ሄደ።

ኩር ተራራ ሲደርሱ እመት ዘርፌን ከምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኟቸው። አጭር፣ ፊታቸው በጥላሸት የጠቆረ አሮጊት ናቸው። ውሻውን ተቀብለው አገላበጡት፣ አዳመጡት።

«ይሄ ውሻ ጤነኛ ነው» አሉ።

«ልጄ እንዲህ እየታመመች እንዴት ጤነኛ ይሆናል እመት?» አለች ሰንበቱ።

«ጤነኛ ነው፤ ኃይለኛም ነው። የሳተው ባለቤቱን ነው። ሌባ መስላዋለች፤ ስለዚህ ቀን ከሌት ይነክሳታል።»

«ምን አጥፍተን ነው? ኃጢአት ነው? እርግማን ነው?»

«ሁለቱም አይደለም። ስድሳ ዓመት ቀጥቅጫለሁ፣ አንዳንዱ እንዲህ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ፈጣሪ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም።» አሮጊቷ የውሻውን አፍ ከፍተው ጥርሱን በጣታቸው ነኩ። «ጥርሱ እንዲህ የሰላው ምን እየበላ ነው?»

«ፍም» አለች ሰንበቱ። «ጧትና ማታ። ሦስት ዓመት።»

እመት ዘርፌ ጣታቸውን ከጥርሱ ላይ አነሡ። «ማን ነው የሚያጎርሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«የትኛዋም እናት ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ሰንበቱ ገባት። የያዘችውን ገል መሬት አስቀመጠች፤ እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ልጇን ብቻ ታይ ነበር።

ናደው መጥረቢያውን አነሣ። «ልስበረው።»

«ስበረው። ሕመሟ ዛሬውኑ ይቆማል። ጉሙ ውስጥ ስትገቡ ግን ያገኛት ደዌ ሁሉ ይወስዳታል። ጠባቂ አይኖራትማ።»

መጥረቢያው ቀስ ብሎ ወረደ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጥርሱን እሞርድላታለሁ። መንከሱን አይተውም፣ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። ክፉ ቀን ይኖራታል፣ ደህና ቀንም ይኖራታል። በየዓመቱ እየመጣች ማስሞረድ አለባት። ጥርሱ ሲሞረድ ደዌንም እንደ ልቡ አያባርርም፤ ስለዚህ ሰው ይጠብቃት። ለዳኛውም ሌላ ምስክር አያሻም፤ ጆሮውን ያስጠጋና ይህን ውሻ ይስማ።»

«አልድንም ማለት ነው?» አለች ማርዳ።

«አትድኚም ልጄ። ትኖሪያለሽ።»

ማርዳ ወደ እሳቱ ቀረብ አለች። «እሺ፣ ይሞርዱልኝ» አለች።

ሲመለሱ መንገዱ ቀለላት። ሁለት ጠዋት በተከታታይ ጫማዋን ራሷ አሰረች። የሰንበቱ ልብ ግን አልቀለለም።

ለከተማው ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ሜዳው ላይ ጉሙ ወረደባቸው። ከውስጡ ግመል የሚያህል፣ ፊት የሌለው ደዌ ወጣና ቀጥ ብሎ ወደ ማርዳ መጣ። ናደው በመጥረቢያ መታው፤ የተከፈለው ተመልሶ ገጠመ። የናደው ውሻ ጮኸ፣ ግን ጌታውን እንጂ ሌላ ሰው አይጠብቅም። የማርዳ ውሻ ዘሎ ነከሰ፤ የተሞረደው ጥርሱ ግን አልያዘለትም።

ሰንበቱ ያን ጊዜ የራሷን ውሻ ከአንገቷ ፈታች። ልጇ አንገት ላይ አሰረችና ጆሮው ላይ ተናገረች፦ «ሃምሳ ዓመት ጠበቅኸኝ፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ከአሁን ጀምሮ እኔ ማለት እሷ ናት።»

ውሻው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዘሎ የደዌውን ጉሮሮ ያዘ። አውሬው ተቀዶ እየጮኸ ወደ ረግረጉ ሸሸ። ሲሸሽ ግን ባዶ አንገቷን ቆማ የነበረችውን ሰንበቱን ታክኳት አለፈ። ያ ንክኪ ብቻ ለመታመሟ በቃ።

ሁለት ቀን በበቅሎ ጫኗት። ትኩሳቷ እንደ ምድጃ ነበር። ማርዳ የኮርቻውን መያዣ ጨብጣ ከጎኗ ትሄዳለች።

«ማርዳዬ።»

«አቤት እማዬ።»

«ፍሙን… አውቄ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ፈጣሪ ይቅር ይለኝ ይሆን?»

«እኔ ከልቤ ይቅር ብያለሁ። እሱ ከእኔ ይጨክናል እንዴ?»

ሰንበቱ ፈገግ አለች። «አይጨክንም» አለች። ከተማው ሊታይ ትንሽ ሲቀራቸው አረፈች።

በአርባኛው ቀን ናደው የእናቱን ሬሳ በጫነችው በቅሎ ፊት፣ ችሎት መሐል ቆመ። «ዳኛ ሆይ፣ ቁስል አላመጣንም። እመት ዘርፌ የላኩት ምስክር ይህ ነው፤ ጆሮዎን ያስጠጉ» አለና የተሞረደውን የማርዳን ውሻ አቀረበላቸው።

ዳኛ አጥናፉ ከወንበራቸው ወርደው ጎንበስ አሉ። ዳኛው ከመጠን በላይ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «ይህን ሦስት ዓመት?» አሏት ማርዳን።

«አዎ ጌታዬ። አሁን እንኳን ቀንሷል።»

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ ዳኛው፣ «በዞራም ታምሜአለሁ ያለ ሰው ቁስል አሳይ አይባልም። መጀመሪያ ይደመጣል። ማርዳም ከቅጥር ውጭ አትወጣም።»

ናደው ራሱን ዝቅ አደረገ እንጂ በደስታ አልጮኸም። ከሴቶቹም እልል ያለች የለም። ሬሳው እዚያው ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ተጀመረ። ሙሾ አውራጇ ግጥም ስትጀምር ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተነሡ። ማርዳም እጇን ልታነሣ ሞከረች፤ የመንገዱ ድካም ወርዶባት ነበርና ክንዷ አልታዘዝ አላት። እንደገና ሞከረች። ሰው ሁሉ ያያት መሰላት። ለእናቷ ደረቷን የማትመታ ልጅ ብለው እንደሚያወሩባት አሰበችና አንገቷን ደፋች።

አስካለ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣች። አጠገቧ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ያዘችና ጭኗ ላይ አሳረፈቻቸው።

«ተይው ልጄ» አለቻት። «አንቺ በአፍሽ አልቅሺ። ደረቱን እኛ እንመታልሻለን።»