አራት ጣት ባዶ ቦታ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን፣ ማክሰኞ ጧት፣ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ዋና ፊደል ለቃሚ አንገታቸውን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው፣ ከልጃቸው ጋር በአዲሱ ሆስፒታል መተላለፊያ፣ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እዚያ ሲቀመጡም አምስተኛ ጊዜያቸው ነበር። ባልደረቦቻቸው «አባ ቀጥ» ይሏቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእርሳስ ፊደል ሲደረድሩ አንድ መስመር ጠምሞባቸው አያውቅምና። ከመንጋጋቸው ሥር የበቀለው ነቀርሳ ግን ቀጥ አላለላቸውም፤ ወደ ጆሮ ወጥቶ፣ ወደ ጉሮሮም ወርዶ፣ አሁን ውኃ እንኳ የሚውጡት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

ልጃቸው በዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእርሳቸው በቀር ማንም የላትም። አግዳሚው ላይ የተደረደረው በሽተኛ ሁሉ ከጋዜጣ የተቆረጠች አንዲት ማስታወቂያ በእጁ ይዟል፤ እርሷም ማስታወቂያዋን በቃሏ ታውቃታለች፤ በየወሩ መባቻ ስለምትወጣ። «የነቀርሳ ሕሙማን ሆይ፤ ራዲየም የተባለው ታላቅ መድኃኒት ከባሕር ማዶ መጥቶ በአዲሱ ሆስፒታል ሥራ ጀምሯል፤ እንግዲህ በሰው አገር መንከራተት ቀርቷል» ትላለች።

የሆስፒታሉ መዝጋቢ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «በሚቀጥለው ወር ይምጡ» አለ።

«ባለፈው ወርም ይህንኑ ነው ያሉን። ከዚያ በፊት በነበረውም።»

«የክቡር ዲሬክተሩ ትእዛዝ ነው እመቤቴ።»

ልጅቱ ብድግ ብላ እስከ መተላለፊያው መጨረሻ ሄደችና «የራዲየም ክፍል» የሚል የናስ ሰሌዳ የተለጠፈበትን በር ገፍታ ከፈተችው። በውስጡ የምረቃው ዕለት ወንበሮች ተደራርበዋል፤ የተጠቀለለ ምንጣፍ ቆሟል፤ ክቡራኑ የቆረጡት ሪባን ከነአቧራው መሬት ላይ ወድቋል። ሌላ ነገር አልነበረም።

መዝጋቢው እየሮጠ ደረሰ። «ኧረ እመቤቴ! ያለ ፈቃድ!»

«መድኃኒቱ የታለ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«የቱ መንገድ ላይ?»

በሩን መልሶ ዘጋው። ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ገበሬ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» አለና ቁራጭ ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። አልጣለውም።

በዚያው ቀን አባቷን ይዛ ወደ ኮረብታው ወጣች፤ በዚያ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ሐኪም ሻለቃ ስምንት አልጋ ያላት ሐኪም ቤት ነበረቻቸው። ሻለቃው መርምረው ሲጨርሱ ልጅቱን ለብቻዋ ጠሯት።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ ወይስ ላጽናናሽ?»

«እውነቱን ይንገሩኝ። መጽናኛውስ በጋዜጣ ወጥቶልናል።»

«በታኅሣሥ ብትመጡ ኖሮ በመርከብ ወደ ባሕር ማዶ ውሰጃቸው እልሽ ነበር፤ እዚያ ራዲየሙ በእርግጥ አለ። ዛሬ ግን የሃያ ቀን ባሕር አይችሉም። እኔ ዘንድ ያለው ማስታገሻ ነው። አላድናቸውም፤ ሲሠቃዩ ግን ዝም ብዬ አላይም።»

ልጅቱ የመርከቡን ሐሳብ አልተወችም፤ አባቷም የሆስፒታሉን ተስፋ አልተዉም። «በጋዜጣ ወጥቷል» ይላሉ፤ ሌላ ክርክር አልነበራቸውም።

በማግሥቱ ማተሚያ ቤት ስትገባ በየወሩ የሚደጋገሙ ማስታወቂያዎች ፊደላቸው ሳይፈታ በሲባጎ ታስሮ ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ ሄደች። የሆስፒታሉንም አገኘችው። ከሲባጎው ላይ የተንጠለጠለችው ወረቀት በአባቷ እጅ ጽሕፈት «ጥቅምት አሥራ ሁለት ተለቀመ» ትላለች። ሆስፒታሉ የተመረቀው ግን በታኅሣሥ ነው። ወረቀቷን በጥሳ ወደ ቤት ገሠገሠች።

«አባዬ! ይህን የለቀሙት ሆስፒታሉ ሳይመረቅ ነው!»

«አዎ። ከዲሬክተሩ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ተላከልኝ።»

«እያወቁ ነው አራት ወር ያስጠበቁኝ?»

ሽማግሌው ወረቀቷን ተቀብለው አገላበጧት። «ልጄ፣ ጋዜጣ እንዲህ ነው የሚሠራው። የበዓሉን መልካም ምኞት ከበዓሉ በፊት እለቅማለሁ፤ የእንግዳውን መግባት ባቡሩ ሳይነሣ እለቅማለሁ። ሠላሳ ዓመት አስቀድሜ የለቀምኩት ሁሉ ሲደርስ አይቻለሁ። ይህም ይደርሳል አልኩ።»

«አንድ ቀን እንኳ ተነሥተው በሩን ቢከፍቱት ምን ነበረበት! መታመምዎን ችዬዋለሁ አባዬ፤ ያንገበገበኝ ማመንዎ ነው!»

በአባቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። እርሳቸው አልተቆጡም። ወረቀቷን ከጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ «አግዳሚው ላይ ስንት ሰው ነበር?» አሉ።

«ሃያ ይሆናሉ።»

«ሃያውም የእኔን ፊደል ይዘዋል።» ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ነገ ወደ ኮረብታው ውሰጂኝ፤ መርከቡን ተይው። ቀሪዋን ዕድሜዬን በማዕበል መካከል አልጨርሳትም። አስቀድመሽ ግን ማተሚያ ቤት አድርሺኝ።»

እሺ ማለት እንደዚያ ቀን ከብዷት አያውቅም። እሺ አለች።

ሐሙስ ጧት የግንቦት መባቻ እትም ሊታተም ሩብ ሰዓት ሲቀረው አባ ቀጥ ማስታወቂያቸውን ከገጹ ላይ አነሡ፤ ከፊደል ሳጥኑ ፊት ቆመውም እያንዳንዷን ፊደል ወደየቤቷ ይመልሱ ጀመር። የማተሚያ ቤቱ ሹም እየጮኸ መጣ።

«አባ ቀጥ! ምን እየሠሩ ነው? የጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ነው እኮ!»

«ትእዛዙ አለ ጌታዬ፤ መድኃኒቱ ነው የሌለው። የመጣ ዕለት ይጥሩኝ፤ ከመቃብርም ቢሆን ተነሥቼ እለቅመዋለሁ።»

ሹሙ ወደ ልጅቱ ዞረ፤ ያለ አራሚ ፊርማ ገጽ አይታተምምና። «አንቺስ? ይህን ባዶ ልታሳልፊው ነው?»

ብዕሯን አነሣችና «ታርሟል፤ ይታተም» ብላ ፈረመች። ሌላ ለመልቀም ጊዜ ስላልነበረ ገጹ እንዳለ ወጣ።

ሰኞ ከሥራ ተባረረች። አባ ቀጥ በሰኔ፣ በኮረብታው ሐኪም ቤት፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ሳይጮኹ ሞቱ። በዚያው ወር ማስታወቂያዋ በሌላ ሰው እጅ ተለቅማ፣ ከድሮዋም በገዘፈ ፊደል ወጣች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ አግዳሚው ላይ ለነበሩት ግን ማደሪያ ዕድሜ አልቀረላቸውም። ራዲየሙ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች የነቀርሳ ሕክምና በሃያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር ተጀመረ ብለው ጽፈዋል፤ ምስክራቸውም ጋዜጣው ነው። የዲሬክተሩ ስም በሆስፒታሉ ደረጃ ላይ በድንጋይ ተቀርጿል። ስለ አባ ቀጥ የቀረው በመዝገብ ቤት በተጠረዘው ቅጽ፣ በግንቦት መባቻው እትም፣ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ያለችው አራት ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ናት። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከጎኗ «የኅትመት ጉድለት» ብሎ ጽፎባታል።