የአባ ሚካኤሬ ድርሻ

አባ ሚካኤሬን የገደላቸው የዓሣ ጭንቅላት ነው። በክህነታቸው አርባ ሦስተኛ ዓመት በዓል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝብ እያየ በሉት፤ ሰኞ ማለዳ ሞቱ። ማክሰኞ ጠዋት ሳጅን ሮቲያ ከዋናው ደሴት ከታራዋ በጀልባ ስትደርስ ደሴቲቱ ጥፋተኛዋን መርጣ ጨርሳ ነበር፦ ዓሣውን የቀቀለችው ቴረንጋ። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ያበሰለችላቸውና ልብሳቸውን ያጠበችላቸው ሴት አስከሬናቸውን እንዳታለብስ ተከልክላለች።

ሮቲያ ቴረንጋን ከቄሱ ማድ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ አገኘቻት።

«እማማ፣ ሲያማቸው ምን አሉ?»

«ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ‹አቃጠለኝ› አሉ። ከንፈራቸውም ደንዝዞ ነበር።»

ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቃጥለው የተመረዘ ዓሣ የበላን ሰው ነው። በዚያች ደሴት እንዲህ ያለው ዓሣ የሚገኘው ድሮ አንድ መርከብ በሰመጠበት በኩል ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም አያጠምድም።

«ለድመት አላስቀመሱም?»

«ምን ነካሽ፣ ልጄ! ከጅራቱ ቆርጬ ሰጥቻት ቁጭ ብዬ ጠብቄያታለሁ። ያቻትና፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ትወፍራለች።»

«ከጭንቅላቱስ?»

«ለባለ በዓል የሚሰጥ የክብር ጭንቅላት ተቆርሶ ሊቀርብ? ሙሉውን ነው እንጂ! ያን ያህል ባለጌ አደረግሽኝ?»

«ዓሣውን ማን አመጣው?»

«ዓሣ አጥማጁ ቶአካይ። ባሕር ዳር አጥቦ፣ ከፋፍሎ አመጣልኝ። እኔን ለማሳረፍ ብሎ ነው፣ እግዜር ይስጠው።»

ሮቲያ ለአሳማ የተቀመጠውን የትርፍራፊ ባልዲ ደፋችው። የራስ ቅሉን አነሣች፤ አከርካሪውንም አነሣችና አንገቱ ላይ ገጠመችው። አልገጠመም። ቅሉ በእጥፍ ይበልጣል። ሁለቱንም በጨርቅ ጠቀለለቻቸው።

የሃይማኖት መምህሩ ቤኒያሚና በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ መቃብሩን ያስቆፍር ነበር።

«መምህር፣ አባ በበዓል የሚቀርብላቸውን ጭንቅላት ይበሉት ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለእኔ ነው የሰጡት። ‹እንካ፣ አንተ ጥርስ አለህ› ይሉኛል።»

«እሑድስ?»

«ዓይኑ ሳይቀር ጠርገው በሉት። እኔም ቀለድኩባቸው፤ ‹አባ፣ በስተርጅና ሆዳም ሆኑ› አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።» አንገቱን ደፋ።

«ከቅዳሴ በፊት ማን ማን ተናዘዘ?»

«ሁለት አሮጊቶችና ቶአካይ። ሕፃን ልጁ ከተቀበረ ወዲህ ሲናዘዝ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

«የሕፃኑ ቀብር ላይ ምን ሆነ?»

ቤኒያሚና ቆፋሪዎቹን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሕፃኑ ሳይጠመቅ ሞተ። አባ ሌላ ደሴት ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ይቀበር ያልኩት እኔ ነኝ። ሲመለሱ በጣም ተቆጡኝ።»

ቀትር ላይ ሮቲያ ቴረንጋን፣ ቤኒያሚናንና ቶአካይን በቄሱ መመገቢያ ክፍል ሰበሰበች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«ይህ ቅልና ይህ አከርካሪ የአንድ ዓሣ አይደሉም። ጅራቱን የበላችው ድመት ደህና ናት። መርዙ የመጣው ከሌላ ዓሣ በተቆረጠ ጭንቅላት ነው፤ ጭንቅላት ሙሉ ስለሚቀርብ እማማ ሊያስቀምሱት አይችሉም። ያመጣው ሰው ይህን ያውቃል። አባ ለመምህር እንደሚሰጡትም ያውቃል።»

ቤኒያሚና የወንበሩን ድጋፍ ጨበጠ። «ለእኔ ነበር?»

«ለእርስዎ ነበር። አባ ግን አወቁ።»

«ካወቁ ምነው አልተናገሩ!» ቴረንጋ ጮኸች። «ምነው አልደፉት!»

«ቢደፉት ልጆች አንሥተው ይበሉታል። ቢመልሱት ‹ለምን?› ይባላሉ። ቄስን እንዲህ አፉን የሚያስረው አንድ ነገር ነው፤ በኑዛዜ የሰማው። በቃልም ሆነ በምልክት ሊገልጹት አይችሉም። ስለዚህ ራሳቸው በሉት።» ወደ ቶአካይ ዞረች። «ኑዛዜህን አልጠይቅህም። ስለ አጥንቱ ነው የምጠይቅህ።»

ቶአካይ ቅሉን ሲያይ ቆየ።

«‹ጭንቅላቱን ባሕር እስክትጥል አልፈታህም› አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ መምህርን አገኘሁት። ‹ዛሬ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው አሉ› አለኝ፣ እየሳቀ። የልጄን መቃብር ተሻግሮ ነው የመጣው። መጣሉን ተውኩት።»

«ሲበሉስ?»

«ትልቁ ጭንቅላት ሲቀርብ እንዳልጣልኩት ገባቸው፤ እያዩኝ ነበር የሚበሉት። ልነጥቃቸው ፈለግሁ፤ ብነጥቅ ሰው ሁሉ ያውቅብኛል። ያማል እንጂ አይገድልም ብዬ…»

«ጎልማሳን ያማል» አለች ሮቲያ። «የሰባ ስምንት ዓመት ልብን ይገድላል።»

ከጓሮ የአካፋ ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ ቴረንጋ…» አለ ቤኒያሚና። «ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር…»

«እሱን በኋላ። ነጩን ልብሰ ተክህኖ የት አደረጋችሁት?»

ወደ ልብስ ሣጥኑ ጠቆማት። ቴረንጋ ልብሱን አወጣች፤ እጥፋቱን አየችና «እንዲህ ይታጠፋል?» ብላ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። ከሣጥኑ አጠገብ የነበረውን የውሃ ሳህን በሌላ እጇ ያዘች። ቶአካይ መንገድ ሊለቅላት ሲነሣ ቀና ብላ አላየችውም። አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ገባችና በሩን በክርኗ ዘጋችው።