ገደሉ ዝም ያለ ዕለት

በናሆማ ምድር ላይ መዓት የመጣው በነጎድጓድ አልነበረም፤ በዝምታ ነበር። አንድ ማለዳ አንድ ማር ቆራጭ ከሰንበላ አፋፍ ቆሞ እንደ ልማዱ ወደ ገደሉ ቢጮኽ መልስ አጣ። ደግሞ ጮኸ፤ ገደሉ ዝም አለ። ወዲያው ከቃል ድልድይ መካከል አንድ ጥርብ ድንጋይ ተፈልቅቆ ወረደ፤ ሲወድቅ እንኳ ድምፁ አልተሰማም።

ናሆማን ለሁለት የከፈላት ያ ገደል ነው። በዚህኛው አፋፍ ባቄላ ዘሪዎቹ የሰንበላ ሰዎች፣ በወዲያኛው ሐይቁን ተንተርሰው ዓሣ አጥማጆቹ የውሎማ ሰዎች ይኖራሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው የቃል ድልድይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካበ ሲሆን፣ ድንጋዮቹን አቅፋ የያዘቻቸው በገደሉ ሆድ የምትኖረው ገደል ማሚቶ ነበረች። በየዓመቱ በአዝመራ በዓል ሁለቱ ሕዝቦች በየአፋፋቸው ቆመው ግጥም ያሰማሉ፤ እሜቴ ማሚቶም ድምፃቸውን እየተቀበለች ድልድዩን ለዓመቱ ታጸናዋለች። ሥርዓቱ ከአባት ከአያት የመጣ ነው።

አሁን ግን ሰንበላ «ማሚቶን ውሎማ ሰረቃት» አለ፤ ውሎማም ያንኑ መለሰ። ጦር መሳል ተጀመረ። አረጋዊው ንጉሥ ዘርዓ ናሆም በድልድዩ ራስ ላይ ድንኳን አስተክሎ ሁለቱንም ወገን አስቀረበ፤ ሁለቱም «ንጉሥ ይሙት፣ አልሰረቅንም» ብለው ማሉ። ንጉሡም ፈረደ።

«ማሚቶ እስከ አዝመራው በዓል ካልተመለሰች ድልድዩን በገዛ እጃችን እናፈርሰዋለን። እየተጋደላችሁ ከምትሻገሩ፣ ሳትሻገሩ ብትኖሩ ይሻለኛል።»

ይህ ፍርድ ከሁሉ ይልቅ የመታው አንጓችን ነው። አንጓች የሰንበላ ወጣት ገጣሚ ናት፤ አንድ እኅቷ አስካለ ደግሞ ውሎማ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗን ትጠብቃለች። ድልድዩ ከፈረሰ እኅት ከእኅት እንደተለያየች መቅረቷ ነው። እውነቱን ለመናገር አንጓች ከመግጠም ይልቅ ማስገጠም ይቀናታል። ሠርግ ቤት ሳትጠራ ትገባለች፤ የተኳረፉ ሽማግሌዎችን አንድ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጥና ከአንዱ መነሻውን፣ ከሌላው መድረሻውን ሳትቀበል አትለቃቸውም። ሲነሡ ታርቀው ይነሣሉ፤ እንዴት እንደታረቁ ግን አያውቁትም። የሰውን ግጥም ስታስጨርስ የራሷ ሁልጊዜ ሳያልቅ ይቀራል።

እርሷም ከንጉሡ ፊት ወድቃ ተነሣችና እንዲህ አለች፦ «ጃንሆይ፣ የሄደችውን እኔ ልፈልጋት። ሳላገኛት ብመለስ ስሜ ከሰንበላ አፍ ይጥፋ፤ የናሆማ አፈርም አትቀበለኝ።»

ንጉሡ ከወዲያ ማዶም አንድ ሰው ይከተላት ሲል ውሎማ ኩራባን ሰጠ። ኩራባ ባለ ጀልባና ገጣሚ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ ምላሱ ከሆዱ የሚበልጥ። አንዳንዶች ውሎማ እርሱን የመረጠው ጥቂት ቀን ከወሬው ለማረፍ ነው ይላሉ።

ሁለቱ በገመድና በሐረግ እየተንጠላጠሉ ቁልቁል ወረዱ። ኩራባ በከረጢቱ የያዘው ደረቅ ዓሣ ሽታው ፊት ፊት ይሄዳል። አንጓች በየማረፊያው ለበዓሉ የጀመረችውን ግጥም ታጉተመትም ነበር፦

«አንተ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ፣
ቃል ነው የሚያገናኝ ገደሉን ተራምዶ።»

ከዚህ በኋላ ያለው አልመጣላት አለ። ኩራባ የሰንበላ ግጥም ጨው የሌለው ሽሮ ነው እያለ፣ ድምፁን አቅጥኖ እርሷን እየመሰለ ስንኟን እየደጋገመ ሳቀባት። እርሷም የዋዛ አልነበረችም፤ «ኩራባ፣ ሆድህ ጀልባ አክሏል፤ ወንዝ ካጋጠመን በእርሱ እንሻገራለን» አለችው። በዚህ ዓይነት ሳይታወቃቸው ተዋደዱ።

ከገደሉ ወገብ ሲደርሱ ኩራባ ስለ ውሎማ ጀግንነት መደስኮር ጀመረ። ይህ ስሕተት ነበር። ከዓለቱ ንቃቃት ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ ውዳሴ በል አሞሮች ግር ብለው ወጡ። እነዚህ ፍጥረታት የሚበሉት ሰው ራሱን ያሞገሰበትን ቃል ነው፤ ቃሉን ከአፍ ሲነጥቁ ምላስም አብረው ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ የኩራባን ከንፈር ቧጠጠው፤ ሌላው የተንጠለጠለበትን ሐረግ መቁረጥ ያዘ። ኩራባ በፍርሃት ስለ ጉልበቱ በፎከረ ቁጥር መንጋው ባሰበት።

አንጓች ነገሩ ገባትና ሌላውን እንዲያሞግስ፣ ስለ ሰንበላ አንድ መልካም ነገር እንዲናገር አዘዘችው። ኩራባ አሰበ፤ ላብ አጠመቀው። ዕድሜውን ሙሉ ማዶን ሲተርብ እንጂ ሲያመሰግን አልኖረምና ምንም አልመጣለት አለ። ሐረጉ በአንድ ክር ሲቀር፣ «ባቄላቸው... ባቄላቸው ቶሎ ይበስላል!» አለ። አሞሮቹ ይህን ቃል አሽትተው እንደ መራራ ቅጠል ተጸየፉትና ወደ ንቃቃታቸው ተመለሱ። አንጓች ጓደኛዋን በአንገትጌው ጎትታ አወጣችው፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ከሥር፣ ውኃ ከሚፈልቅበት ዋሻ ውስጥ፣ እሜቴ ማሚቶን አገኟት። ቁመቷ የጥድ ዛፍ የሚያህል፣ ቆዳዋ ሽበት ያበቀለ ዓለት ነበር፤ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፍና ተቀምጣለች። አንጓች መሬት ስማ፣ ማን እንደ ሰረቃት በትሕትና ጠየቀቻት። ማሚቶ የራሷ ድምፅ የላትምና ባለፉት ዘመናት በተዋሰችው፣ አንዴ በሽማግሌ አንዴ በልጃገረድ ድምፅ መለሰች።

«ማንም አልሰረቀኝም፤ እኔው ሄድሁ። አያቶቻችሁ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጥ ነበር፤ እኔም ቃሉን አሻግር ነበር። እናንተ ግን ላለመበለጥ እኩል ትጮኻላችሁ። በጩኸት መካከል ወዴት ላሻግር? የየራሳችሁን ድምፅ መለስሁላችሁ። እናንተም የገዛ ድምፃችሁን ሰምታችሁ ‹ማዶ አደነቀን› እያላችሁ ደስ ብሏችሁ ገባችሁ። አረጀሁ ልጆቼ፤ ደከመኝ።»

አንጓች አንገቷን ደፋች። አምና በበዓሉ ላይ «ማዶ እንዴት አጨበጨበልን» ብላ በደስታ ያለቀሰችው እርሷ ነበረች።

ማሚቶ ቀጠለች። ድልድዩ እንዲቆም ቃልን ከአፋፍ ወደ አፋፍ የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ግን የሌላውን ቃል ለመሸከም የራሱን ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ ሌሎች ያሉትን ይላል እንጂ ከልቡ አንድ ስንኝ አያወጣም። ኩራባ ይህን ሲሰማ ሆዱን ነፍቶ ወደ ፊት ወጣና እኔን ውሰጂኝ አለ። ማሚቶ በአንዲት አሮጊት ድምፅ ሳቀች። «አንተን እወድሃለሁ፤ ግን ዝም ማለት መች ትችልና!»

አንጓች ያላለቀውን ግጥሟን አሰበች። ያልጀመረቻቸውንም አሰበች፤ እነርሱ ይበልጥ አሳዘኗት። ከዚያ የአስካለ መልክ መጣባት።

«እሜቴ፣ እኔ ልሸከም» አለች። ከራሷ ልብ የወጣ የመጨረሻ ቃሏ ይህ ሆነ። ማሚቶ ግንባሯን ሳመቻትና እንደ ደከመች እናት ዓይኖቿን ጨፍና ተኛች።

በአዝመራው በዓል ሁለቱ ሕዝቦች ጋሻና ጦር ይዘው በየአፋፋቸው ተሰለፉ። አንጓች በተሰነጠቀው ድልድይ መካከል ቆማ ነበር፤ ኩራባ የሆነውን ሁሉ ለንጉሡ ነገረ፤ ንጉሡም ዝምታ አወጀ። የሰንበላው ሽማግሌ አባ ዋግሹ ጀግኖቻቸውን እያወደሰ ገጠመ፤ አንጓችም ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ወደ ውሎማ አሻገረችው። አባ ዋግሹ እንደ ወትሮው ምላሹን ጠበቀ። ምንም አልመጣም። የውሎማ ሰዎች ይህን ሁሉ ፉከራ ምን እናድርገው ብለው ይተያዩ ነበር። ሽማግሌው አፈረ፤ ጢሙን ነካካ፤ በመጨረሻም ቀስ ብሎ፣ «ለመሆኑ... ዘንድሮ ዓሣው እንዴት ነው?» አለ።

አንጓች አሻገረችው። ከወዲያ ማዶ አንድ አጥማጅ ዘንድሮ ዓሣው እንደ ሳሳ፣ መረቡም ባዶውን እንደሚወጣ ተናገረና የእነርሱስ ባቄላ እንዴት እንደ ሰነበተ ጠየቀ። ይህም ቃል ወደ ሰንበላ ሲደርስ በድልድዩ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲገጥም ተሰማ። ጥያቄና መልሱ ቀጠለ፤ ከወሬ ወደ ስንኝ፣ ከስንኝ ወደ ዜማ ዞረ፤ ጋሻዎች መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ስንጥቅ ብቻ፣ ከእርሷ ከራሷ እግር ሥር ያለው፣ አልገጥም አለ።

ያኔ ሕዝቡ የእርሷን ግጥም እንድታሰማ ለመነ። አንጓች አፏን ከፈተች፤ የወጣው የእነርሱው ልመና ነው። ደግማ ሞከረች፤ እንባዋ ወረደ። በዚህ ጊዜ ኩራባ ሕዝቡን ጥሶ ከአጠገቧ ቆመ፤ በመንገድ ሲስቅበት የነበረውን ስንኝ አሁን ድምፁን ሳያቀጥን፣ አንድ ቃል ሳያጎድል አለላት፦

«አንተ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ፣
ቃል ነው የሚያገናኝ ገደሉን ተራምዶ።»

አንጓችም የገዛ ስንኟን ከእርሱ ተቀብላ ወደ ውሎማ ላከችው። ከሕዝቡ መካከል አስካለ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ ወደ ድልድዩ ራስ ወጣችና መለሰች፦

«ሰማንሽ፣ ሰማንሽ፣ የወዲያ ማዶ ልጅ፣
ድልድይስ ድንጋይ ነው፣ የሰማ ነው ወዳጅ።»

ግጥሙ ተጠናቀቀ፤ ስንጥቁም ገጠመ። አስካለ በድልድዩ ላይ ተራምዳ የእኅቷን አንገት አቀፈች።

ከዚያ ወዲህ አንጓች በድልድዩ ራስ በሠሩላት ጎጆ ትኖራለች፤ የአስካለ ልጅም አፉን የፈታው በእርሷ ጉልበት ላይ ነው። ኩራባ ጀልባውን ለወንድሙ ትቶ ጎረቤቷ ሆኗል። ያ በራሱ ሲመካ የኖረ ሰው ሥራዋን በጨረሰች ቁጥር ከፊቷ ይቀመጥና፣ መልሳ እንድትለው ብሎ፣ «ኩራባ፣ ሆድህ ጀልባ አክሏል» ይላል። እርሷም ቃሉን ተቀብላ በጣቷ ሆዱን እየወጋች ትመልስለታለች፤ ከዚያም ትስቃለች። ሳቋን ግን ከማንም አልተዋሰችውም።