ለረድፍ እንቢ ያለው ቁጥር

በሰልመና መንግሥት የነፍስ ቁጥር ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። አባቶች መርጠውት ነው፤ ለሁለትም ለሰባትም ቢሉት፣ እስከ አሥር በየትኛውም ቢያካፍሉት፣ አንድም ሰው ሳይተርፍ እኩል ይከፈላል። እርሻውም የድግሱ ማዕድም በዚሁ ስለሚደለደል ማንም በማንም አይቀናም ነበር። ደግ ቁጥር! ደግነቱ ግን ለትርፍ ሰው አልነበረም፤ ከልኩ በላይ የተወለደ ሕፃን ከተራራው ማዶ ይጣላል። የጦረኛዋ የዛሪማ መንትያም በጨቅላነቷ የተጣለችው በዚሁ ሕግ ነው።

ነጋሪቱ ማንም ሳይጎስመው የጮኸ ዕለት አሮጌው ትንቢት ታወሰ። «አውሬው ድርማስ ከጥልቁ ይወጣል፤ ሕዝቡን በረድፍ ያሰልፋል። ረድፉ እኩል ከመጣለት ይውጣል፤ ሰው ከተረፈበት ይደክማል።»

ዛሪማ ጦሯን መሬት ላይ ተክላ ማለች፤ «የጣልናትን እህቴን ሳልመልስ የአባቴ ደጅ አይየኝ!»

ሽማግሌው የጦር አለቃ፣ አበጋዝ መንዲስ፣ ተከተሏት። ያቺን ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው ተራራ ያሻገሯት እሳቸው ነበሩና ውለው አድረው ሲጸጸቱ ኖረዋል። የእሳት አሞሮች የሚያንዣብቡበትን በረሃ አቋርጠው እረኞች አንስተው ያሳደጓትን እህቷን ኩርሚያን ከባሏ ጋር አገኟት።

«ትርፍ ናት ብላችሁ ጥላችሁኝ ዛሬ ጎደለችን ትላላችሁ?» አለች ኩርሚያ። የባሏን እጅ ያዘችና፣ «እመጣለሁ። ባሌን ግን ጥዬ አልመጣም። መጣል ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።»

ዛሪማ በደስታ ብዛት ሒሳቡን ረሳችው። ትዝ ያላት የከተማዋ በር ላይ፣ ድርማስ ከኋላቸው ምድሩን ሲያንቀጠቅጥ ነው።

«አበጋዝ! ሁለት ሰው ጨመርን እኮ! ሙሉ ነን፤ ለሁለት ይከፍለናል!»

«ከተራራው ጀምሬ አውቄዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ያኔ አንድ ያጎደልኩ እኔ፤ ዛሬም አንድ የምጎድል እኔው ነኝ። ግቡ!»

ሦስቱንም ወደ ውስጥ ገፍተው በሩን ከውጭ ዘጉት። ዛሪማ በሩን በጡጫ እየደበደበች አለቀሰች። አውሬው ሽማግሌውን ከነጋሻቸው ረግጦ ቅጥሩን ጣሰ።

ከዚያ የሕዝቡ እግር ያለ ፈቃዱ ይሰለፍ ጀመር። ሁለት ሁለት፤ አንድ ሰው ተረፈ። ሦስት ሦስት፤ አንድ ተረፈ። እስከ አሥር እንዲሁ ሆነ። በአሥራ አንድ ሲያሰልፋቸው ሁለት ተረፉ። እያጓራ እስከ ሃምሳ ሞከረ፤ አንዱም እኩል አልመጣለትም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንኑ ሰልፍ ወደ ጎን ማዞር ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉንም በአንድ ረድፍ ማቆም ነው፤ አንድ ላይ የቆመን ሕዝብ ደግሞ ጉሮሮው አይችለውም። ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ።

ከዚያ በኋላ በሰልመና ትርፍ ተብሎ የተጣለ ልጅ የለም። በዚያ ዓመት ድግስ ሕዝቡ በቡድን በቡድን ሲቀመጥ አንድ ሰው ተረፈ። የተረፈችው ኩርሚያ ነበረች፤ ሁሉም አቀረቀረ። ዛሪማ እጇን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻትና አበጋዝ መንዲስ በወደቁበት ስፍራ አስቀመጠቻት፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ አጎረሰቻት።